«ወራጅ አለ» የማይባልበት የመብራት መስመር

ባለፈው ሳምንት ዱብሉቅ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለልኝ። ዱብሉቅን ለማታውቁ፣ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሜጋ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የቦረና ከተማ ናት። በከብት ገበያዋና በጥልቅ ጉድጓዶቿ ትታወቃለች። ጓደኛዬ እዚያ ስልክ ይጠግናል፣ የገጠሩን ሰው ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። መብራት ሲጠፋ ገቢውም አብሮ ይጠፋል። እና ሰላምታውን እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ፦

«ስማ፣ አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? ኬንያ የሚሄደው መብራት በእኛ በቦረና በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። ታዲያ ናይሮቢ እየበራ እኛ ፓወር ባንክ እየቆጠብን የምናድረው ለምንድን ነው? አንድ ገመድ ዝቅ አድርገው ቢቀጥሉልን ምን ይጎድልባቸዋል?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ብቻ አይደለም። ትልልቅ የብረት ማማዎች አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጠይቆታል። አጭሩ መልስ፣ ያ መስመር «ወራጅ አለ» ስላላችሁት የሚቆም ታክሲ አይደለም የሚል ነው። ግን አጭሩ መልስ ጓደኛዬን አላረካውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

ከጉድጓዱ እንጀምር። ዱብሉቅ ቦረናዎች «ቱላ» ከሚሏቸው ዘጠኝ የታወቁ ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ ያለባት ቦታ ናት። ወጣቶች ከጉድጓዱ ስር እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆሙና እየዘፈኑ የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ላይ ገንዳ አለ፣ ከብቱ ከገንዳው ይጠጣል። ማን መቼ ያጠጣል የሚለውን ተራ የሚይዝ ደግሞ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አለ።

የኤሌክትሪክ ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሃው ያለበት ቦታ ማመንጫው ነው። ቅብብሉ ማስተላለፊያ መስመሩ ነው። ገንዳው ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ሰብስቴሽን የምንለው ነው። ከገንዳው እስከ ከብቱ አፍ ያለችው የመጨረሻዋ እርምጃ ደግሞ የስርጭት መስመር ትባላለች። የአባ ሄሬጋን ሥራ የሚሠራው አዲስ አበባ ያለው የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ይጠብቃችኋል። ኤሌክትሪክ ግን ትልቅ ባትሪ ከሌለ በስተቀር አይጠብቅም፤ በተመነጨበት ቅጽበት መበላት አለበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በቅብብሉ መሀል ውሃ እንደሚንጠባጠብ ሁሉ ኤሌክትሪክም በመንገድ ላይ ይባክናል። ሽቦው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል፣ በቃ። እዚህ ጋ አንዲት የሂሳብ ነገር አለች፤ ስምንተኛ ክፍል የተማርናትና ፈተናው ሲያልቅ የረሳናት። ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በጅረት ነው። ብክነቱ የሚጨምረው ግን በጅረቱ ካሬ ነው። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ለአንዲት ትንሽ ከተማ 1 ሜጋ ዋት መላክ ፈለግን እንበል። በቤታችን ቮልቴጅ፣ በ220 ቮልት እንላከው ብንል (ሦስቱን ፌዝ ለጊዜው ትቼ ቀለል አድርጌ ነው የማሰላው) ከ4,500 አምፒር በላይ ጅረት ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከም ሽቦ ከክንዳችሁ ቢወፍር አይገርምም። ያንኑ 1 ሜጋ ዋት በ33 ሺህ ቮልት ብንልከው ግን 30 አምፒር ገደማ ይበቃል። ጅረቱ በ150 እጥፍ ቀነሰ፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ ብክነቱ የሚቀንሰው ግን በ22,500 እጥፍ ነው። ትራንስፎርመር የተባለው ጩኸታም ሳጥን ይህን ሁሉ ዓለም የለወጠው በዚህች ስሌት ነው። ማመንጫው ጋ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፣ ከተማው ጋ ሲደርስ መልሶ ዝቅ ያደርጋል።

ለዚህ ነው መስመሮቻችን ደረጃ ያላቸው። ላይኛው 500 እና 400 ኪሎ ቮልት፣ ቀጥሎ 230፣ ከዚያ 132 እና 66። እነዚህ አውራ ጎዳናዎቹ ናቸው። ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፤ ይሄ የከተማው ዋና መንገድ ነው። በመጨረሻ ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደውና ወደ ቆጣሪያችሁ ይመጣል። የሰፈር ቅያስ በሉት።

አሁን ወደ ደቡብ እንምጣ። ነገሌ ቦረና አካባቢ ያደገ ሰው ገናሌ ዳዋ 3ን ያውቀዋል። በጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ከዚያ የሚወጣው ኃይል ግን ጎረቤት ላለችው መንደር በቀጥታ አይገባም። በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሰሜን ወደ ይርጋለም ይሄዳል፣ ከብሔራዊው ቋት ይቀላቀላል። ወላይታ ሶዶም ከጊቤ 3 (1,870 ሜጋ ዋት) በ400 ኪሎ ቮልት ኃይል የሚቀበል ትልቅ ጣቢያ አለ። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር የሚነሳው ከዚያው ከሶዶ ነው። ስለዚህ ከገናሌ የተነሳ ኃይል ቋት ውስጥ ገብቶ፣ ዞሮ ተመልሶ በቦረና ሰማይ ላይ ሲያልፍ ቢገኝ አይግረማችሁ። ኤሌክትሮን ስም የለውም፣ መታወቂያም አይዝም። ቋቱ አንድ ነው።

የኬንያው መስመር እነሆ፦ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ፣ ናይሮቢ አቅራቢያ፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ። 500 ኪሎ ቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጭ ጀመረ። ስምምነቱ ለ25 ዓመት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ኢኮኖሚስት ነኝና ማስላት አመሌ ነው፦ 200 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ቢሄድ ወደ 114 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ለዶላር ለሚሰለፍ አገር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ የተደበቀው ግን መስመሩ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ዓይነት ውስጥ ነው። ቤታችን ያለው ተለዋዋጭ ጅረት፣ ኤሲ የሚባለው ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚህ መመላለስ ብቻ ነው። የኬንያው መስመር ግን ዲሲ ነው፣ ቀጥተኛ ጅረት፤ እንደ ስልካችሁ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ዓለም። ዲሲን በተራ ትራንስፎርመር ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ሶዶ ላይ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ኮንቨርተር ጣቢያ አለ፣ ሱስዋ ላይ መልሶ ወደ ኤሲ የሚቀይር ሌላ ኮንቨርተር ጣቢያ አለ። መሀል ላይ ምንም የለም። መሳፈሪያውና መውረጃው ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው።

ታዲያ ለምን ዲሲ ተመረጠ? ለሩቅ መንገድ ይረክሳል። ሦስት ሳይሆን ሁለት የሽቦ ጥቅል ይበቃዋል፣ ብክነቱም ያንሳል። ሌላም ጥቅም አለው። ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም 50 ኸርዝ ቢጠቀሙም የሁለቱ አገር ቋት እግር በእግር አይራመድም። በኤሲ ካገናኘሃቸው የአንዱ መንገዳገድ ወደ ሌላው በቀጥታ ይተላለፋል። ዲሲ መሀል ገብቶ «እናንተ በየራሳችሁ ሩጡ፣ እኔ ኃይሉን ብቻ አቀብላችኋለሁ» ይላል።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የቅጽበት ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2024 ኬንያ ውስጥ መብራት በሰፊው ጠፋ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት እንደገለጹት፣ መጀመሪያ ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ተሸክሞ የነበረው መስመር ተቋረጠ፤ አስከትሎ 200 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ መስመር ወጣ። አገሩ በዚያ ሰዓት ከሚያመነጨው ከሩብ በላይ የሚሆን ኃይል በድንገት ተነነ ማለት ነው። የቀሩት ማመንጫዎች ሸክሙን ለመሸከም ይንገዳገዳሉ፣ 50ው ወደ 49 እና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ማሽኖቹ ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ይወጣሉ። አባ ሄሬጋው ተራ ለማስያዝ ጊዜ የለውም፤ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ያልቃል። እኛም አገር «በሲስተም ችግር መላ አገሪቱ መብራት ጠፋ» ሲባል የሚሆነው ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ወደ ቦረና። «እሺ፣ መሀል ላይ ኮንቨርተር ጣቢያ ይሠራልና!» አለኝ ጓደኛዬ። ይቻላል። ተሠርቶም ያውቃል። ጣሊያን ሳርዲኒያ የተባለችውን ደሴቷን ከዋናው ምድሯ ጋር ያገናኘችበት የ200 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመር የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በኮርሲካ ደሴት ላይ ያልፋል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተዘረጋ፤ ኮርሲካ የራሷ መውረጃ ጣቢያ የተሠራላት ግን በ1980ዎቹ ውስጥ ነው፤ አቅሙ 50 ሜጋ ዋት። ወደ ሃያ ዓመት ማለት ነው፣ ያውም አውሮፓ ውስጥ።

ያልተሳካውን ደግሞ አፍሪካ ውስጥ እናገኛለን። ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ1982 ከኢንጋ ግድብ እስከ ኮልዌዚ የመዳብ ማዕድን አካባቢ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የዲሲ መስመር ዘረጋች። በዘመኑ ከዓለም ረጃጅሞቹ አንዱ ነበር። ኃይሉ ለማዕድኑ ሄደ፤ በመስመሩ ስር የቀሩት መንደሮች ግን በጨለማ ቀሩ። የእኛ ሰው ሲያማርር ይህንን ታሪክ አስታውሳለሁ፣ ማማረሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ግን ሂሳቡን በቅንነት እንሥራው። ኮንቨርተር ጣቢያ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚጠራ ዕቃ ነው። የሚያዋጣው ብዙ ኃይል በአንድ ቦታ የሚፈልግ ደንበኛ ሲኖር ነው። ዱብሉቅ፣ ሜጋና ዙሪያቸው ያሉ መንደሮች ተደምረው የሚፈልጉት ኃይል ለዚያ ጣቢያ እንደ ቅምሻ ነው። ለአንድ ስኒ ቡና ቦቴ መኪና እንደማቆም ይሆናል። ከሰሜን የሚመጣው ተራው የኤሲ መስመር ለዚህ ሥራ በጣም በቂ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሞያሌን እዩ፤ ከድንበሩ ማዶ ያለችው የኬንያዋ ሞያሌ ራሷ ያ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ መብራት የምትወስደው ከኢትዮጵያ በኩል በተራ መስመር ነው።

ስለዚህ እኔ በጓደኛዬ ቦታ ብሆን ቁጣዬን ከላይኛው መስመር አወርደውና ወደ ታችኛው አዞረዋለሁ። ችግራችን ያለው እታች፣ ከገንዳው እስከ ከብቱ አፍ ባለችው እርምጃ ላይ ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ደስ ብሎናል፣ ደስ ሊለንም ይገባል። ሆኖም የዓለም ባንክ መረጃ የሚያሳየው መብራት የሚያገኘው ሕዝባችን ከግማሹ ብዙም እንደማይበልጥ ነው። ግድብ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ለ15 ኪሎ ቮልት የእንጨት ምሰሶ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም።

ተቋማቱ ራሳቸው ሁለት መሆናቸውንም ብዙ ሰው አያስተውልም። በ2006 ዓ.ም. የድሮው መብራት ኃይል ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፣ ለጎረቤት አገር ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለእኔና ለእናንተ ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ይተክላል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። ዶላር የሚያስገባው የመጀመሪያው ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ የሚደወልለት ሁለተኛው ነው። የኬንያ ሽያጭ በጨመረ ቁጥር የዱብሉቅ ምሰሶ አብሮ ይጨምራል የሚል ራሱን በራሱ የሚያሽከረክር ሕግ የለም፤ አንድ ሰው በጀት ላይ ካልጻፈው በስተቀር።

የስርጭት መስመር ለምን ይከብዳል? አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር ብዙ መቶ ቤት ያበራል። ቦረና ውስጥ ግን «ኦላ» የሚባለው መንደር ተራርቆ ነው ያለው። 40 አባወራ ያለበት አንድ ኦላ ከዋናው መስመር 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት 250 ሜትር መስመር ተዘረጋ ማለት ነው፣ ትራንስፎርመሩን ሳንጨምር። እነዚያ ቤቶች የሚያበሩት ሁለት ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው። በታሪፍ ብቻ ይህ ወጪ በዕድሜ ዘመን አይመለስም። አንድ ተራ ነጋዴ አይነካውም፤ መንግሥት ግን ነጋዴ አይደለም፣ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ መሆን የለበትም። የመንደሩ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሰጠው ጥቅም በቆጣሪው ላይ አይነበብምና።

የመስመሩ ጫፍ ላይ መኖር ሌላም ጣጣ አለው። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ እየሳሳ ይመጣል። 220 የነበረው ጫፍ ላይ ሲደርስ 170 ሊሆን ይችላል። አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፣ የፍሪጁ ሞተር አጉረምርሞ መነሳት ያቅተውና ይቃጠላል። ጓደኛዬ ጥገና የሚመጡለት ቻርጀሮች አብዛኞቹ የሚሞቱት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው ይላል። ደግሞ ጫፍ ላይ ላለ ከተማ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ትልልቅ ከተሞች ከሁለት አቅጣጫ ሊመገቡ ይችላሉ፣ አንዱ ሲበላሽ በሌላው ይዞራል። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ለተንጠለጠለ መስመር ግን ከላይ አንድ ስኒ ሲሰበር ወይም አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይጨልማል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የተሻሻለ ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ዜጋ መብራት እንዲያገኝ ነበር ያቀደው፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጪ፣ በዋናነት በሶላር። ዓመቱ አልፏል፣ ዕቅዱ አልደረሰም። ይሁንና ክፍፍሉ ላይ የነበረው ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል። እንደ ቦረና ፀሐይ በማይነጥፍበት አገር ለተበታተነ አርብቶ አደር ሶላር የሁለተኛ ደረጃ ዜጋ መብራት አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ድርቁ በጠናበት ጊዜ ከብቱን ያጣው ሕዝብ ዱብሉቅ አካባቢ በመጠለያ ሰፍሮ ነበር፤ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ የሶላር ፓምፕ ምን ማለት እንደሆነ ለማብራራት ኢኮኖሚስት አያስፈልግም። ወፍጮና ብየዳ ቤት ግን ሦስት ፌዝ ይፈልጋል፣ በጣሪያ ላይ በተቀመጠ አንድ ፓኔል አይዞርም። ከተሞቹ ዋናው መስመር፣ ያውም ከሁለት አቅጣጫ፤ ዙሪያው ደግሞ ሶላርና ትንንሽ የመንደር መረብ። እኔ በጀት ያዥ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። ያልሆንኩት ለበጎ ሊሆን ይችላል።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስልካችሁን ቀና ስታደርጉ ምሰሶዎቹን እዩ። አጭር ምሰሶ ላይ አራት ሽቦ ከሆነ የቤት መብራት ነው። ሦስት ሽቦ በትንንሽ ስኒዎች ላይ ከተቀመጠ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው፤ ከዚህኛው በትራንስፎርመር መውረድ ይቻላል። የብረት ማማ ሆኖ ስኒዎቹ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው ከተንጠለጠሉ ከፍተኛ መስመር ነው፤ የስኒው ቁጥር በበዛ መጠን ቮልቴጁ ይጨምራል። ሦስት ወይም ስድስት የሽቦ ጥቅል ካለው ኤሲ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ማከፋፈያ ጣቢያ ቢሠራለት ይወርዳል። በግራና በቀኝ አንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ጥቅል ብቻ ከሆነ ግን ያ የኬንያው ነው።

«ገባኝ» አለኝ። «እና ባለ ሦስቱ ሽቦ ከገበያው በታች ስንት ምሰሶ ሄዶ እንደሚቆም ልቁጠርልህ?» ማታ ላይ በቴሌግራም ቁጥሩንና የመጨረሻዋን ምሰሶ ፎቶ ላከልኝ። ከምሰሶዋ ወዲያ ሦስት ኦላ ይታያል።